“ደን” ስንል የማን ማለታችን ነው?

በዩኒየናችን 20ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ደን እንድናገር ሲጋብዘኝ ስለ ችግኝና ስለ ምንጣሮ የማወራ መስሎት ይሆናል። ስለዚያ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ እናንተም ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፤ ይልቁንም ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የማነሳው ስለ ቃሉ ስለራሱ ነው። “ደን” ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ ይህ ሁለት ፊደል ቤተሰብ ከቡናው ሲያለያይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቡናውን ከመጥረቢያ ሲያተርፍ አይቻለሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ከሩቅ የዛፍ ጥቁረት ከታየ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው፤ የቀረው ሜዳና ገደል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሥልጠና ወጥቼ በልማት ሠራተኛነት ወደ ቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር ስመደብ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ ያየሁት ሁሉ ለዓይኔ አንድ ዓይነት ነበር፤ ዛፍ በዛፍ ላይ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ቀበሌን የመሬት አጠቃቀም እንድመዘግብ ቅጽ ተሰጠኝና አንድ ሽማግሌ መንገድ እየመሩኝ ገባን።

“አባቴ፣ ይህ ጫካ የማን ነው?” አልኳቸው።

“የእኔ።”

“ከወንዙ ማዶ ያለውስ?”

“የወንድሜ ልጅ።”

“በወዲህ በኩልስ ድንበራችሁ በምን ይታወቃል?”

ሽማግሌው ቆም ብለው አንዲት ትልቅ ሰሳ በጣታቸው አሳዩኝ። “በእሷ ነው። ከእሷ ወዲህ ያለው ቀፎ የእኔ ነው፤ ከእሷ ወዲያ ያለው የጎረቤቴ ነው።” ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ከዛፎቹ ሥር ቡናው አለ። ከቡናው ሥር ኮረሪማው፣ ፈንጠር ብሎ ጥምዙ። ማንም ያልነካው ነው ብዬ የገመትኩት ቦታ ለካ እያንዳንዱ ማዕዘን ባለቤቱ የሚያውቀው ጓዳ ኖሯል።

እዚያው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ቅጹን ሞላሁ። “የመሬቱ ዓይነት” ከሚለው ትይዩ “ደን” ብዬ ጻፍኩ። “ባለይዞታ” ከሚለው ትይዩ “መንግሥት” ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው ምን እንደጻፍኩ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ማር አስቀመሱኝና ተለያየን።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወሰን ሲከለልና በዛፎቹ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ከመዝገብ ቤት አቧራው ተራግፎ የወጣው ያ ቅጽ ነበር። ሽማግሌው አርፈዋል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በተሰጠ ጊዜ ልጆቻቸው ደብተር ላይ የገባው በጎጆው ዙሪያ ያለው እንሰትና ጓሮ ብቻ ነው። ቡናውን ዛሬም ይለቅማሉ፤ ማንም አልከለከላቸውም። ነገር ግን “የእኛ ነው” ማለት አይችሉም። “የእኛ ነው” ሊሉት ያልቻሉትን ነገር ደግሞ ለልጅ ማውረስም ሆነ ሲወሰድባቸው መክሰስ ከባድ ነው።

በዚያን ጊዜ የጻፍኩት ከሕጉ ጋር ይጣጣም እንደሆነ ብዙ ቆይቼ ነው የመረመርኩት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ላይ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። በሁለቱም ውስጥ “ሕዝብ” የሚል ቃል አለ። እኔ ግን “ሕዝብ” አላልኩም፤ “መንግሥት” ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። “ደን” ብዬ ከጻፍኩ በኋላ “መንግሥት” የሚለው ራሱ እየተጎተተ መጣ። እስከ ዛሬ በየመንገዱ ዳር በሚተከለው ሰሌዳ ላይ “የመንግሥት ደን” የሚል አንብቤአለሁ፤ “የሕዝብ ደን” የሚል ሰሌዳ ግን በዚህ ሁሉ ዘመኔ ዓይኔ አልገባም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ መልሱ ያለው በአፋችን ላይ ነው። በአማርኛችን ዛፍ የበዛበትን መሬት የምንጠራባቸው ሦስት ቃላት አሉ፤ ጫካ፣ ዱር፣ ደን። ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ሰው ሲሸፍት “ዱር ገባ” ወይም “ጫካ ገባ” ይባላል፤ “ደን ገባ” የሚል አልሰማሁም። ያልታረመ ማሳ ያለው ጎረቤት “ማሳህ ጫካ ሆነ” ተብሎ ይሰደባል፤ “ደን ሆነ” ቢባል ግን ስድብነቱ ይጠፋና ምስጋና ይመስላል። አውሬው የዱር ነው። ማሩ የጫካ ነው። ጠባቂው ግን የደን ነው፤ ቅጣቱም፣ ጽሕፈት ቤቱም የደን ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ የምትሉልኝ ይህን ነው፤ ደን ይተከላል፤ ጫካ አይተከልም። “የደን ልማት” እንላለን፤ “የጫካ ልማት” ብንል ሕፃን ይስቅብናል። የባሕር ዛፍ ተክል እንኳ፣ ከሥሩ ሣር ባይበቅልም፣ “ደን” ተብሎ ይመዘገባል።

እንግዲህ “ደን” በእኛ አፍ ሥርዓት የተበጀለት፣ አንድ አካል ያለማው ወይም የከለለው፣ የሚጠበቅ ዛፍ ነው። “ጫካ” ግን በራሱ የበቀለ ነው። በዚህ ቃል አያያዝ ላይ ችግሩ ወዲያው ይታያል። የዚያ ሽማግሌ መሬት ለእሳቸው ሥርዓት የተበጀለት ነበር፤ ለእኔ ደግሞ በራሱ የበቀለ ነበር። በራሱ የበቀለ ከሆነ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ከሌለው የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ከሆነ ደን ይባላል። በአንድ እስትንፋስ ከጫካ ወደ ደን አሻገርኩት፤ ሽማግሌው ግን አብረው አልተሻገሩም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንጆች “ፎረስት” የሚሉት ቃል በእንግሊዝ አገር በመጀመሪያ ዘመኑ የዛፍ ስም አልነበረም። ንጉሡ ለአደን የከለለውና በልዩ ሕግ የሚገዛ መሬት ማለት ነበር፤ ዛፍ የሌለበት ሜዳም እንኳ “ፎረስት” ሊባል ይችል ነበር። በዚያ ክልል ውስጥ የሚኖረው ገበሬ እንጨት ለመልቀምና ከብት ለማሰማራት ሲቸገር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1217 በወጣ ቻርተር የተወሰነ መብቱ ተመለሰለት። በእኛም ታሪክ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው መናገሻን እንዳስተከሉ ይተረካል። ወፍ ዋሻ ለአገሬ ለመንዝ ቅርብ ስለሆነ ይህን ስናገር ትንሽ እንደምኮራ አልሸሽጋችሁም። እዚያም እዚህም ቃሉ ከቤተ መንግሥት ጋር የቆየ ዝምድና አለው።

በእኛ ዘመን ሕግ ውስጥ ቃሉ እንዴት እንደሄደ ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 በንጉሡ ዘመን ሦስት አዋጆች ተከታትለው ሲወጡ የመንግሥት ደን፣ የግል ደንና ለአፈርና ለውኃ ሲባል የሚጠበቅ ደን ተብሎ ተለየ። በአዋጅ ቁጥር 542/1999 የታወቁት የባለቤትነት ዓይነቶች ሁለት ነበሩ፤ የግልና የመንግሥት። ቡናችሁ ያለበት ቦታ የግል ካልሆነ የመንግሥት ነው ማለት ነው፤ መሐል ላይ መቆሚያ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ግን አራት ሆነ፤ የግል ደን፣ የማኅበረሰብ ደን፣ የማኅበራት ደንና የመንግሥት ደን። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። “የማኅበራት” የሚለውን ልብ በሉ፤ እኛ ማኅበራት ነን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ስንቶቻችን አዋጁን አንብበን “የእኛ ደን በየትኛው ስም ተመዝግቧል?” ብለን ወረዳ እንደጠየቅን ግን እጅ አውጡ ብል አፍራለሁ፤ እኔም ራሴ የጠየቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ከአዋጁ በፊትም ቢሆን ሰው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሸካ አካባቢ “ኮቦ” የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። አንድ ቤተሰብ ቀድሞ ቀፎ የሰቀለበትን የጫካ ክፍል የራሱ አድርጎ ይይዛል፤ ጎረቤቱም ያከብርለታል። ኮቦ በየትኛውም ቅጽ ላይ አልነበረም። ነገር ግን እዚያ ዛፍ ከመቆረጥ ያዳነው ከጠባቂው ይልቅ “ይህ ኮቦ የእገሌ ነው” የሚለው ንግግር እንደሆነ በእግሬ ዞሬ አይቻለሁ። ቀፎ ያለበትን ዛፍ ማን ይቆርጣል?

በባሌ በኩል በአዳባና በዶዶላ የነበረውን ደግሞ ባልደረቦቼ ይነግሩኝ ነበር። እዚያ የተቋቋሙት ማኅበራት “ዋጂብ” ይባሉ ነበር፤ “ዋልዳ ጅራቶታ ቦሶና” ከሚለው የተወሰደ ነው፤ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ታስቦ አንድ ማኅበር ከ30 አባል እንዳይበልጥ ተደረገ። ማኅበሩ ውል ይፈርማል፤ ለመንግሥት ኪራይ ይከፍላል፤ በውሉ ክልል ውስጥ ማን እንደሚኖርና ማን እንደሚጠቀም በስም ይታወቃል። እኔን የማረከኝ ስሙ ነው። ደንን ከነነዋሪው ይጠራል። በእኛ አገር “የደን ነዋሪ” ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ማለት ነበር፤ እዚያ ግን አባል ማለት ሆነ። በቦንጋና በጭሊሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም በተመሳሳይ መንገድ የሄደ ነው፤ ከመካከላችሁ የዚያን ውል ማኅተም በእጃችሁ የያዛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት “ደን” የሚለውን ቃል የከሰስኩ ያስመስለኛል። አይደለም። ቃሉ ያተረፈውንም መመስከር አለብኝ። “ጫካ” ብቻ ሆኖ የቀረ መሬት አንድ ቀን “ጠፍ መሬት” ተብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ጠፍ ከተባለ ደግሞ ለማንም ይሰጣል። በወረቀት ላይ “ደን” ተብሎ የሰፈረ መሬት ቢያንስ ምንጣሮ ሲጀመር የሚጮህለት ሕግ አለው። ከፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ሲመዘገቡ መነሻ የሆነው እዚያ ደን መኖሩ ነው። ያ ሽማግሌ መሬቱን “የእርሻ ማሳ” ብዬ መዝግቤላቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እነዚያ ሰሳዎች መኖራቸውን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ፤ ይህን ርዕስ ለዚህ በዓል የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ደንብ አውጥቷል። ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ምርቶች ወደ ኅብረቱ ገበያ ሲገቡ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020፣ በእኛ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተዘጋጀ መሬት ላይ ያልተመረቱ መሆናቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የሚተገበርበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ጥያቄው ግን አልተነሳም። ቡናው የተመረተበት ቦታ መገኛ ነጥብ ይወሰዳል። እንደ አብዛኞቻችን ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው ይለካል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቃሉ ተመልሶ ይመጣል። ደን ተመንጥሯል ለማለት አስቀድሞ ደን ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በእነሱ ደንብ ደን ማለት ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፉ ከ5 ሜትር በላይ የሆነና የዛፉ ጥላ ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ቦታ ነው። በዋናነት ለእርሻ የሚውለው መሬት ግን፣ ዛፍ ቢኖርበትም፣ ደን አይባልም፤ በጥላ ዛፍ ሥር የሚመረት ሰብል በዚህ በእርሻው ወገን ይመደባል። አገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የራሷን ትርጉም አወጣች፤ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ ጥላ፤ ቀርከሃም ይቆጠራል። ቁመቱ ዝቅ ያለው የቆላው ቁጥቋጦ እንዳይቀር ነው፤ ጥላው ከፍ ያለው ደግሞ የተራቆተው ሁሉ ደን እንዳይባል ነው። ስለዚህ ሦስት ሜትር የሚሆን የቆላ ግራር የበዛበት ቦታ እዚህ ደን ነው፤ እዚያ አይደለም። (አንድ አባል ባለፈው “ቡናዬ ራሱ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ደን ሊባል ነው ወይ?” ብሎ ጠይቆኝ ስቀናል። ቡና ሰብል ነው፤ አይባልም። ጥያቄው ግን ሞኝ አልነበረም።)

እኛ ራሳችን ደግሞ ቡናችንን በአራት ስም እንጠራለን፤ የጫካ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡና፣ የተክል ቡና። የመጀመሪያው ስም በከረጢቱ ላይ ሲጻፍ ዋጋ ያወጣል፤ ገዢውም ይወደዋል። ያው ስም በማረጋገጫ ቅጹ ላይ “ደን” ተብሎ ሲተረጎም ግን ገዢውን ያስደነግጠዋል። “ከደን ውስጥ ነው የምታመጡት?” ይላል። እናንተ ደግሞ “አዎ፣ ለዚህ እኮ ነው ጥሩ የሆነው” ትላላችሁ። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል፤ አልተግባባችሁም።

ሳተላይቱም ሊያስታርቃችሁ አይችልም። ከላይ የሚያየው የሰሳውን፣ የብርብራውንና የዋንዛውን ጫፍ ነው። ከሥር ያለውን ቡና አያይም። ስለዚህ በካርታው ላይ ብዙው ቡናችን ያለበት ቦታ ያለጥርጥር “ደን” ሆኖ ይወጣል። አንድ አባል ምርት ለማብዛት ብሎ ጥላውን በአንድ ክረምት ቢያሳሳው፣ ለእሱ የቡና እንክብካቤ ነው፤ ከላይ ለሚያየው ግን ደን ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል። በአንድ አባል ማሳ ላይ የተነሳ ጥያቄ ደግሞ ቡናው ተቀላቅሎ ስለሚጫን የሁላችንን ኮንቴይነር ሊያቆም ይችላል።

እኔ የማምንበትን ልንገራችሁ። “ደን” የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ሲመልስ ኖሯል፤ “ምን በቅሎበታል?” የሚለውንና “የማን ነው?” የሚለውን። የእኔ ጥፋት በቅጹ ላይ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ ለሁለተኛውም ማዋሌ ነበር። አሁን ለገበያው የምንሞላው ቅጽ ያንኑ ሊደግም ነው። “ደን” ብለን ብንጽፍ ገዢው ይጠራጠራል፤ አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ “እናንተው ደን ነው ብላችሁ ፈርማችኋል” ይለናል። ይህን ፈርተን “ማሳ” ብቻ ብንጽፍ ደግሞ ዛፉን ከሕግ ጥላ እናወጣዋለን፤ ነገ ጥላውን የሚመነጥር አባልም “ማሳዬ ነው” ይላል፤ መልስ አይኖረንም።

ስለዚህ በዩኒየናችን ቅጽ ላይ ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ እንዲቀመጡ ለቦርዱ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። በአንዱ መስመር ላይ የበቀለው ይጻፍ፤ የጥላው ዛፍ ዓይነት፣ ቡናው ከመቼ ጀምሮ እንደሚለቀም፣ ከታኅሣሥ 2013 ወዲህ ዛፍ ተቆርጦ እንደሆነና ስንት። በሌላው ላይ ደግሞ ማን እንደሚጠቀምበት በስም ይጻፍ፤ በየትኛው ውል፣ በየትኛው ደብተር፣ ወይም በአካባቢው ልማድ ከማን እንደወረደ። ወሰኑም በነጥብ ብቻ ሳይሆን ሰው በሚያውቀው ምልክት ይጻፍ። ሰሳ ከሆነ ሰሳ ተብሎ ይጻፍ። ይህ ከባድ ወጪ የለውም፤ ትንሽ ሰፋ ያለ ወረቀት ይፈልጋል። አንዳንድ የቦርድ አባላት ገዢው የላከው ቅጽ አይለወጥም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የእሱን አንነካም። የራሳችንን መዝገብ እንደፈለግን ማድረግ ግን የእኛ ነው፤ ክርክር ሲመጣ የሚወጣውም የእኛው መዝገብ ነው።

ባለፈው ወር መዝጋቢዎቹ የዚያን ሽማግሌ የልጅ ልጅ ጋ ሄደው ነበር። የማኅበራችን አባል ናት፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አለች፤ ስሟን አልጠራም፤ እንዳታፍርብኝ። ልጁ ስልኩን ይዞ ያቺው ሰሳ ሥር ቆመና “እማማ፣ ይህ ደን ነው ወይስ ማሳ?” አላት። “ጫካ ነው፤ የአያቴ ጫካ” አለችው። ስልኩ ላይ እንዲህ የሚል ምርጫ አልነበረም። ልጁ ጨዋ ነው፤ እኔ ያኔ እንዳደረግሁት በራሱ ገምቶ አልሞላም። ክፍት ትቶ ወደ እኔ ደወለ።

ያ ቦታ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ክፍት ነው። ከምሳ በኋላ ቦርዱ በቅጹ ጉዳይ ይሰበሰባል፤ ረቂቁን በ40 ቅጂ አባዝቼ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ አስቀምጬአለሁ። ማንበብ የሚቸግራችሁ አባቶችና እናቶች እዚያው ቆሜ አነብላችኋለሁ።